ኢንስፔክተሩ ሳያዩ ኮንክሪት አትዘዙ

ቤት ስናሠራ የከተማውን ምርመራ የመከታተሉ ሥራ የኔ ነበር። ቀጠሮ መያዝ፣ ሳይቱን ማዘጋጀት፣ ኢንስፔክተሩን መቀበል፣ የተፈረመውን ወረቀት መሰብሰብ። ቤቱ አልቆ የመጠቀሚያ ፈቃዱን ይዘናል። ከዚያ ወዲህ ግንባታ የሚጀምሩ ወዳጆች እየደወሉ የሚጠይቁኝ አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው። መቼ እንጥራቸው? ምን አዘጋጅተን እንጠብቅ? ለሁሉም በየተራ ከምመልስ አንድ ላይ ልጻፈው አልኩ።

ከሁሉ በፊት ይቺን ያዙ። ምርመራ የሚደረገው ሊሸፈን በተቃረበ ነገር ላይ ነው። አፈር የሚለብሰው ፉቲንግ (የመሠረቱ እግር)፣ ኮንክሪት የሚውጠው ፌሮ (ብረት)፣ ልስን የሚደብቀው ቧንቧና የኤሌክትሪክ መስመር። አንዴ ከተሸፈነ ለማየት የግድ መፍረስ አለበት። ስለዚህ ሁሌ ራሳችሁን "ቀጥሎ የምንሸፍነው ምንድን ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። መቼ መደወል እንዳለባችሁ መልሱ ራሱ ይነግራችኋል።

የግንባታ ፈቃድ ሲሰጣችሁ አብሮት የሚመጣ ወረቀት አለ። ብዙ ሰው ፈቃዱን አይቶ ደስ ይለውና ሌላውን መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። አንብቡት። በየትኞቹ የሥራ ደረጃዎች ምርመራ እንደሚያስፈልግ ብዙውን ጊዜ እዚያ ላይ ይገኛል። ካልተጻፈ ቢሮው ድረስ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ አሠራሩ ከከተማ ከተማ ስለሚለያይ የሌላ ሰው ልምድ ለናንተ ላይሠራ ይችላል። ቀጠሮ ከስንት ቀን በፊት ይያዛል? በስልክ ነው፣ በኢንተርኔት ነው ወይስ በአካል? መያዝ የሚችለው ባለቤቱ ነው ወይስ ኮንትራክተሩ? ሰዓቱ ይነገረናል ወይስ ቀኑን ሙሉ መጠበቅ ነው? ለድጋሚ ምርመራ ይከፈላል? ቀጠሮ ማዛወር የሚቻለው እስከ መቼ ነው? ብዙ ሰው የሚረሳው ጥያቄ ደግሞ አለ። ሥራው ለምን ያህል ጊዜ ሳይመረመር ቢቆይ ፈቃዱ ይሰረዛል? ግንባታው ለረጅም ጊዜ ከቆመ ፈቃዱ እንዳበቃለት የሚቆጥሩ ከተሞች ብዙ ናቸው። ገንዘብ እስኪገኝ ሥራ የምታቆሙ ከሆነ ይህን ቀድሞ ማወቅ ግድ ነው።

የደረጃዎቹ ስም በየቦታው ቢለያይም ቅደም ተከተላቸው ያው ነው። መጀመሪያ የቤቱ አቀማመጥና ከወሰን ያለው ርቀት ይታያል። ቀጥሎ ቁፋሮው፣ ከዚያ የፉቲንግ ፌሮ። ከወለል ሥር የሚያልፉ የፍሳሽ ቧንቧዎች አፈር ሳይለብሳቸው ይታያሉ። ግራውንድ ቢም (የመሠረቱ አግዳሚ)፣ ኮለን (ምሰሶ)፣ ሶሌታ (የፎቁ የኮንክሪት ወለል) እያለ በየፎቁ ይቀጥላል። ከልስን በፊት የቧንቧና የኤሌክትሪክ መስመር፣ መጨረሻ ላይ አጠቃላይ ምርመራ። ቁፋሮ ሲታይ ጉድጓዱ የጸዳና ውኃ የሌለበት መሆን አለበት። አፈሩ በአፈር ምርመራ ሪፖርቱ ላይ ከተጻፈው የተለየ ሆኖ ካገኛችሁት ግን አስቀድማችሁ የስትራክቸር መሐንዲሳችሁን ጥሩ። መሐንዲሱ ውሳኔውን በጽሑፍ ካልሰጠ ኢንስፔክተሩ ቢመጡም ሊያልፉት አይችሉም።

ወደ ቀጠሮው ልመለስ። ቀኑን የማሰላው ከኋላ ተነስቼ ነው። ኮንክሪት የሚሞላበትን ቀን እይዛለሁ። ከእሱ በፊት ያለውን ቀን ባዶ እተወዋለሁ። ምርመራው ከባዶው ቀን በፊት ይሆናል። ከምርመራው በፊት ያለው ቀን ደግሞ የራሳችን ፍተሻ ነው። የፌሮና የካሳፎርማ (ኮንክሪቱ የሚፈስበት ቅርጽ) ሥራ ማለቅ ያለበት ለዚህ ለራሳችን ፍተሻ ነው። ኢንስፔክተሩ በሚመጡበት ቀን ጠዋት ፌሮ የሚታሰር ከሆነ ፍተሻ የሚባል ነገር የለም ማለት ነው።

ያቺ ባዶ ቀን ለኮንትራክተሮች አትዋጥላቸውም። "ሠራተኛ ቁጭ ብሎ ሊውል ነው እንዴ?" ይላሉ። ሳይት ላይ ሥራ አይጠፋም፤ አሸዋ ይነፋል፣ ብሎኬት ይደረደራል፣ ለቀጣዩ ፎቅ ስታፋ (ዋናውን ፌሮ ዙሪያውን የሚያቅፈው ቀለበት) ይታጠፋል። ባዶዋ ቀን ግን ዝናብ ቢጥል፣ ኢንስፔክተሩ ቢቀሩ ወይም ትንሽ ማስተካከያ ቢያዙ ታድናለች። ምርመራውና ሙሌቱ በአንድ ቀን ከሆኑ ጉድ ይፈላል። መኪናው በር ላይ ቆሟል፣ ሠራተኛው አካፋውን ይዟል፣ ኢንስፔክተሩ ደግሞ "ይሄ ቢም ይፈታና ይስተካከል" ይላሉ። ኮንክሪት አይጠብቅም። ከተቦካ በኋላ በሰዓት ተኩል ገደማ ውስጥ ቦታው መግባት አለበት፤ ፀሐይ ሲበረታ ጊዜው ያጥራል። እየደረቀ ሲሄድ አንዱ ይነሳና ውኃ ይጨምርበታል። ውኃ የተጨመረበት ኮንክሪት ለዓይን ሲፈስ ደስ ይላል፤ ጥንካሬው ግን ይወርዳል። እኛ ዘንድ ስምምነቱ ግልጽ ነበር። የተፈረመው የምርመራ ወረቀት በእጅ ሳይገባ ኮንክሪት አይታዘዝም።

በጉጉት ቀድሞ መጥራትም ያው ጣጣ አለው። "እስኪመጡ ድረስ ይደርሳል" ተብሎ ይደወላል። ኢንስፔክተሩ ሲመጡ ፌሮው በግማሽ ታስሯል፣ የደረጃው ካሳፎርማ ገና አልተነካም። ብዙ ቦታ ይህ "አልተመረመረም" አይባልም፤ "ወድቋል" ተብሎ ይመዘገባል። ለድጋሚው ሊያስከፍል ይችላል። ከክፍያው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጡ ሳይቱን በጥርጣሬ ነው የሚያዩት። ካልደረሰላችሁ ይሉኝታ አይያዛችሁ፤ ደውላችሁ ቀጠሮውን አዛውሩ። አንድ ቀን በፊት የተዛወረ ቀጠሮ ማንንም አያስቀይምም።

አጠገባችን ይሠራ በነበረ ሕንጻ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ኢንስፔክተሩ ዘገዩ፣ ሚክሰሩ ደግሞ ተከራይቶ ቆሟል። አንድ ሰው "እንሙላው፣ በኋላ እናስረዳለን" አለና ሶሌታው ሳይታይ ተሞላ። ሥራው እንዲቆም ታዘዘ። ባለቤቱ፣ ኮንክሪቱ ውስጥ ያለው ፌሮ በፕላኑ መሠረት መታሰሩን አሳዩ ተባሉ። ፎቶ አልነበራቸውም። በመሣሪያ ፌሮው ያለበት ቦታ ተፈተሸ፤ ከኮንክሪቱም ኮር የሚባል ዘንግ መሰል ናሙና ተቆርጦ ላቦራቶሪ ተላከ። ሕንጻው አልፈረሰም። ሆኖም ውጤቱ መጥቶ ሥራው እስኪጀመር የድጋፍ እንጨቱ ኪራይም የጥበቃውም ደሞዝ ሲቆጥር ከረመ። ጥቂት ሰዓት ለማትረፍ ተብሎ ነው ይሄ ሁሉ።

ሶሌታ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ነገር የሚበላሸው እዚህ ነው፤ ብዙ ነገር ማዳን የሚቻለውም እዚሁ ነው። በፍተሻችን ቀን ፕላኑን ይዤ ከፎርማናችን ጋር እወጣለሁ። ከአንድ ጥግ ጀምረን በረድፍ እንሄዳለን። እሱ ከፕላኑ ያነባል፣ እኔ እቆጥራለሁ፤ "ባለ" ተብሎ የሚጠራው ቁጥር የፌሮው ውፍረት በሚሊሜትር ነው። "ይሄ ቢም ከታች አራት ባለ 16፣ ከላይ ሦስት ባለ 14።" እቆጥራለሁ። "ስታፋ ባለ 8፣ በየ15 ሳንቲም።" ሜትር እዘረጋለሁ። ጉድለት ያገኘንበት ቦታ ላይ ቀይ ቀለም ይነፋበታል፤ ፌሮ ሠራተኛው ከኋላችን እየተከተለ ያስተካክላል። ቢም ከኮለን ጋር በሚገናኝበት አካባቢ ስታፋው ጠጋ ጠጋ ብሎ መታሰር አለበት። ለእጅ የሚጠበው ቦታ እዚያ ስለሆነ ሠራተኛ ሲደክመው የሚያሰፋው እዚያው ነው። ኢንስፔክተሮች ይህን ያውቃሉ። ገና እንደወጡ ጎንበስ ብለው የሚያዩት እሱን ነው። የስታፋውን ጫፍም እዩ። መንጠቆው 135 ዲግሪ ወደ ውስጥ መታጠፍ አለበት። 90 ላይ የቀረ መንጠቆ መሬት ሲንቀጠቀጥ ይከፈታል።

ቀጥሎ ስፔሰር፣ ፌሮውን ከካሳፎርማው የሚያርቀው ቁራጭ። ፌሮ ከካሳፎርማው ጋር ተጣብቆ ከተሞላ ከሥሩ ኮንክሪት አይኖረውም። እርጥበት ያገኘዋል፣ ይዝጋል፣ ዝገቱ እያበጠ የጣሪያውን ኮንክሪት ይገፋና ይጥለዋል። የሽፋኑ ልክ ፕላኑ ላይ ተጽፏል። ብዙ ጊዜ ለሶሌታ 2 ሳንቲም ገደማ ነው፤ ለቢምና ለኮለን ከ2.5 እስከ 4 ሳንቲም፣ በቀጥታ አፈር ላይ ለሚፈስ ፉቲንግ ደግሞ እስከ 7.5 ሳንቲም ይደርሳል። ስፔሰሩ ከሲሚንቶ የተሠራ ወይም ፕላስቲክ ይሁን። የእንጨት ቁራጭ አይሆንም፤ ይበሰብሳል። የድንጋይ ፍንካችም አይሆንም፤ ይንሸራተታል።

የላይኛው ፌሮ ነገር በተለይ በረንዳ ላይ ያሳስበኛል። ከግድግዳው ወጥቶ የተንጠለጠለን በረንዳ የሚሸከመው የላይኛው ፌሮ ነው። ሠራተኛ ሲመላለስበት ተረግጦ ከወረደ በረንዳው ፌሮ እያለው እንደሌለው ይሆናል። ስለዚህ የላይኛው ፌሮ የሚቆምበት የተጣጠፈ የብረት ድጋፍ ይሠራለት፣ በላዩ ደግሞ መረማመጃ ጣውላ ይነጠፍ። ኢንስፔክተሩም በጣውላው ላይ ይሄዳሉ። በሙሌቱ ቀንም ጣውላው አይነሳ፤ ምርመራ ያለፈ ፌሮ በማግስቱ ሊረገጥ ይችላልና።

የፌሮው ውፍረት ካጠራጠራችሁ ቀላል ዘዴ አለ። የውፍረቱን ቁጥር በራሱ አባዙና ለ162 አካፍሉ። የአንድ ሜትር ክብደት በኪሎ ታገኛላችሁ። ባለ 12 ፌሮ 144 ለ162 ሲካፈል 0.89 ኪሎ ገደማ ይመጣል። አንድ ሜትር አስቆርጣችሁ መዝኑት። 0.8 ኪሎ ከሆነ ባለ 12 ተብሎ የተሸጠላችሁ ቀጭን ነው። ይህን ማድረግ ያለባችሁ ፌሮው ሳይት እንደገባ ነው እንጂ ከታሰረ በኋላ አይደለም።

ከዚያ የቢሞቹን ሆድ እዩ። ሳጋቱራ፣ የማሰሪያ ሽቦ ቁራጭ፣ የውኃ ላስቲክ፣ የሲሚንቶ ከረጢት፣ ሁሉም እዚያ ይጠራቀማል። ተጠርጎ ይውጣ። የኤሌክትሪክ ቱቦዎች በታችኛውና በላይኛው ፌሮ መሃል ይለፉ፤ ብዙዎቹን አንድ ላይ ጠቅልሎ ማሰር ኮንክሪቱን ያሳሳዋል። የመጸዳጃ ቤት ቧንቧ የሚያልፍበት ቀዳዳ ከአሁኑ ይተውለት። በኋላ ልብሳው የሚል ሰው ፌሮ መቁረጡ አይቀርም። ከታች ወርዳችሁ ደግሞ የድጋፍ እንጨቶቹን እዩ። በቱንቢ ቀጥ ብለው፣ ከሥራቸው ጣውላ ተደርጎላቸው መቆም አለባቸው። የላላ አፈር ላይ የቆመ ድጋፍ ኮንክሪቱ ሲከብደው ይሰምጣል።

ፍተሻው እንዳለቀ ፎቶ አንሱ። ሜትሩን ፌሮው ላይ ዘርግታችሁ፣ ቁጥሩ እንዲነበብ አድርጋችሁ። መጀመሪያ ከሩቅ፣ ከዚያ ከቅርብ። ከሩቅ ያልተነሳ ፎቶ በኋላ የትኛው ቢም እንደሆነ አይታወቅም።

በምርመራው ቀን ማህተም ያለበት የጸደቀ ፕላን ሳይት ላይ ይኑር። ኮፒ ሳይሆን የጸደቀው። የፈቃዱ ወረቀትና ከዚህ በፊት ያለፋችሁባቸው ምርመራዎች አንድ ፋይል ውስጥ ይቀመጡ። መሰላሉ የታሰረ፣ ጠንካራ ይሁን። ትርፍ የራስ ቆብ አዘጋጁ። ጥያቄ መመለስ የሚችል ሰው ይገኝ፤ ፎርማኑ ወይም የሳይት መሐንዲሱ። ባለቤትም ብትገኙ ጥሩ ነው። በሚያዩበት ሰዓት ግን ከጎናቸው ሆናችሁ ብዙ አታውሩ። ጥበቃውን ብቻ ትቶ ሁሉም ሰው የጠፋበት ሳይት ላይ ኢንስፔክተር ከደረሱ ተመልሰው ነው የሚሄዱት፤ ልክም ናቸው።

ስህተት ሲነግሯችሁ አትከራከሩ፣ ግን ጠይቁ። "የቱ የፕላኑ ክፍል ላይ ነው?" ወይም "የትኛው መመሪያ ላይ ነው?" ማለት ነውር የለውም። አብዛኞቹ ደስ ብሏቸው ያሳያሉ። እኔ ብዙ የተማርኩት በዚህ ጥያቄ ነው። በቃል የተነገራችሁን ሁሉ እዚያው በጽሑፍ እንዲያሰፍሩላችሁ ለምኑ። "ይቺን አስተካክላችሁ ቀጥሉ" ማለት እንደገና ሳይታይ ሙሉት ማለት ነው ወይስ ተስተካክሎ ይታያል ማለት ነው? ይህ ካልተጻፈ ፎርማኑ አንድ ነገር ይረዳል፣ ኢንስፔክተሩ ሌላ። በገንዘብ ለማለፍ የሚገፋፋችሁ ሰው ካለ ደግሞ አትስሙት። የተገዛ ፊርማ የጎደለውን ስታፋ አይጨምርም፤ ከሥሩ የሚተኙት የናንተ ልጆች ናቸው።

ኢንስፔክተር ካሉ መሐንዲስ አያስፈልግም የሚል ሰው አጋጥሞኛል። አይምሰላችሁ። የከተማው ሰው ለአጭር ጊዜ መጥተው የሚያዩት ዋና ዋናውን ነው። ኮንክሪቱ ሲሞላ አይኖሩም። ኮንክሪቱን እያንቀጠቀጠ የሚጠቀጥቀው ቫይብሬተር በትክክል ገብቶ እንደሆነ፣ ውኃ ተጨምሮ እንደሆነ የሚያየው የራሳችሁ ተቆጣጣሪ ነው። የኪዩብ ናሙና እንዲወሰድም እሱ ይከታተል። ኮንክሪቱ በ15 ሳንቲም ሳጥን ተሞልቶ ጥንካሬው እንዲለካ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ይሰበራል። በ7ኛው ቀን ከሙሉ ጥንካሬው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ከደረሰ ጥሩ ምልክት ነው። ውጤቱን ፋይል ውስጥ አስገቡት፤ በመጨረሻው ምርመራ ሊጠየቅ ይችላል። የተሞላውን ኮንክሪት ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ውኃ ማጠጣቱ እንዳይረሳ። ይህን ማንም ኢንስፔክተር መጥቶ አያጠጣላችሁም።

ከልስን በፊት ያለው ምርመራ ቀለል ተደርጎ የሚታይ ቢሆንም፣ ቤቱ ውስጥ ስትኖሩ የዕለት ተዕለት ኑሯችሁን የሚነካው እሱ ነው። የንጹሕ ውኃ መስመሩ በግፊት ይፈተናል፤ የተለመደው ከሥራ ግፊቱ አንድ ተኩል እጥፍ ነው። ኢንስፔክተሩ ሲመጡ የግፊት መለኪያው ተገጥሞ፣ መስመሩም ግፊቱን ይዞ ይጠብቅ። እኛ ከዋዜማው ጀምረን እንሞላው ነበር። ሌሊቱን ወርዶ ካደረ የሚያፈስ መጋጠሚያ አለ ማለት ስለሆነ ጠዋት ፈልገን እናገኘዋለን። የፍሳሽ ቧንቧው ጫፉ ተደፍኖ ውኃ ይሞላና ይታያል። ተዳፋቱን በውኃ ልክ አረጋግጡ፤ ብዙ ቦታ በአንድ ሜትር 2 ሳንቲም ገደማ ይጠበቃል። የኤሌክትሪክ ሳጥኖቹ ክፍት ይሁኑ፣ የመሬት መስመሩ የት እንደገባ ይታይ። ከዚያ እያንዳንዱን ግድግዳ ሜትር ዘርግታችሁ ፎቶ አንሱ። መደርደሪያ ለመስቀል ግድግዳ ስትበሱ ለዚያ ፎቶ ታመሰግኑኛላችሁ።

በግንባታ መሃል ሐሳብ መቀየር ያለ ነው። መስኮት ይሰፋል፣ ግድግዳ ይነሳል፣ ደረጃ ይዞራል። ችግሩ ኢንስፔክተሩ የሚያዩት የጸደቀውን ፕላን መሆኑ ነው። ሐሳባችሁ የተሻለ ቢሆንም ፕላኑ ላይ ከሌለ ሥራው ወድቋል። ለውጡን መሐንዲሱ ይሳለው፣ ቢሮው ያጽድቀው፣ ከዚያ ይሠራ። ቀጠሮ የምትይዙት ይህ ካለቀ በኋላ ብቻ ነው።

የመጨረሻው ምርመራ ከሌሎቹ ለየት የሚለው ብዙ መሥሪያ ቤት የሚነካ በመሆኑ ነው። እንደየከተማው የእሳት አደጋ፣ የመብራትና የውኃ ሰዎች ቀድመው ማየት ሊኖርባቸው ይችላል። የማን ወረቀት ከማን እንደሚቀድም ጠይቁ፤ ቅደም ተከተሉ ከተዛባ በየቢሮው መመላለስ ነው። ራሳችሁ ቤቱን ስትዞሩ ደረጃው ላይ ቆሙ። የእርከኖቹ ቁመት እኩል መሆኑን በሜትር እዩ። ወለሉ ላይ ሴራሚክ ከተነጠፈ በኋላ የመጀመሪያው ወይም የመጨረሻው እርከን ሊያጥር ወይም ሊረዝም ይችላል፤ ሰው የሚደናቀፈው በዚያች ልዩነት ነው። የደረጃና የበረንዳ መደገፊያውን ገፋ አድርጋችሁ ፈትኑት። በሮቹ ይከፈቱ፣ ብሬከሮቹ የትኛውን ክፍል እንደሚቆጣጠሩ ይጻፍባቸው፣ ግቢው ውስጥ የቀረ ፍርስራሽ ይነሳ።

የመጠቀሚያ ፈቃዱ ሳይወጣ ዕቃ አታስገቡ፣ ተከራይም አትቀበሉ። ፈቃዱን ስትረከቡ ደግሞ ከመስኮቱ ሳትርቁ አንብቡት። አድራሻው፣ የወለሉ ብዛት፣ የሕንጻው አገልግሎት፣ የባለቤቱ ስም ከፕላናችሁና ከግንባታ ፈቃዱ ጋር መግጠሙን እዩ። የፊደል ስህተትም ቢሆን እዚያው አስተካክሉልኝ በሉ፤ ቆይቶ ለማስተካከል ሌላ ማመልከቻ ይጠይቃል።